ወርክሾፑን መልሱልን

ለባሕር ዳር ሰው «ወርክሾፕ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ሲቋቋም፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የጨርቃ ጨርቅና የኤሌክትሪክ ሙያ ሊማር የመጣው ወጣት ከጥቁር ሰሌዳው እኩል የሚያውቀው ወርክሾፑን ነበር። ወርክሾፕ ማለት ቱታ ተለብሶ የሚገባበት፣ እጅ በግራሶ ተለውሶ የሚወጣበት፣ የተሞረደው ብረት ተጣሞ ሲገኝ አስተማሪው «ድገመው» የሚልበት ቤት ነው። ስለ ሞረድ ንግግር የሚደረግበት ሳይሆን በሞረድ የሚሠራበት!

ዛሬስ? ዛሬ በዚያችው ከተማ «ወርክሾፕ አለብኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው ቱታ ሳይሆን የተተኮሰ ሸሚዝ ነው። ወርክሾፕ ማለት የሆቴል አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃ፣ አዲስ ማስታወሻ ደብተር፣ የሻይ ዕረፍት፣ ግድግዳ ላይ የሚበራ ስላይድ፣ በመጨረሻም አበልና ሰርተፊኬት ሆኗል። ስለ ሒሳብ አያያዝም ሆነ ስለ ወባ መከላከል የሚደረገው ስብሰባ በዚህ ስም ሲጠራ የሚጎዳው ነገር ካለ ባለሙያዎቹ ይናገሩ። የእኔ ጠብ ከአንዱ ጋር ብቻ ነው፤ «የፊልም ጽሑፍ ሥልጠና ወርክሾፕ» ተብሎ ከሚጠራው ጋር። ይህኛው ገንዘብ አባክኖ ብቻ አይቀርምና። መጻፍ የሚችለውን ወጣት መጻፍ ሳያስተምር የተማረ አስመስሎ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ያ ወጣት ከዚያ በኋላ ለመማር አይመጣም፤ ሰርተፊኬት አለዋ!

በአምስት ቀን የተመረቁ ደራስያን

በጣና ዳርቻ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በተካሄደ የአምስት ቀን ሥልጠና ላይ ተቀምጫለሁ። የአዘጋጁን ስም አላነሣም፤ እሱን ብቻ ለይቼ ብወቅስ ሌሎቹን በነጻ ማሰናበት ይሆንብኛል። በመጀመሪያው ቀን ተዋወቅን፤ ከሥልጠናው የምንጠብቀውንም በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በሁለተኛው ቀን የዓለም ሲኒማ ታሪክ ከሉሚየር ወንድማማቾች ጀምሮ ተነገረን። በሦስተኛው ቀን ታሪክ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ እንዳለው በመስመር ተሥሎ ታየን፤ መስመሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ወረደ። በአራተኛው ቀን የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች ተዘረዘሩ። በአምስተኛው ቀን ፎቶግራፍ ተነሣን።

ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። በአምስቱም ቀን አንድ ትዕይንት ጽፎ ያነበበ ከመካከላችን አልነበረም። አንዲት ልጅ «መቼ ነው የምንጽፈው?» ብላ ብትጠይቅ «እሱን ቤታችሁ ስትገቡ ትሠሩታላችሁ» ተባለች። ስላይዱ ጎልቶ እንዲታይ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ጣና አለ፤ ዓሣ አስጋሪው አለ፣ ታንኳው አለ፣ ከደሴት የሚመጣው ጀልባ አለ። አምስት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ገለጥ አድርገን አላየነውም።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። የተከፈለው ለአምስት ቀን ንግግር ነው፤ ተናገረ። አዘጋጁም ለሪፖርቱ የሚፈልገው «ሠላሳ ሰዎች ሠለጠኑ» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ አገኛት። ሠልጣኙስ ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነው? ሻይ ሲዘገይ ያጉረመረመውን ያህል ያለ አንድ ገጽ ሥራ በመዋሉ አላጉረመረመም። ሦስቱም ወገን ተደስቶ ይለያያል። የቀረው ስክሪፕቱ ብቻ ነው።

ካሜራው ምን ያያል?

ለመሆኑ የፊልም ጽሑፍ በንግግር ብቻ የማይተላለፈው ለምንድን ነው? ነገሩን በምሳሌ ልግለጸው። የልብ ወለድ ጸሐፊ «አልማዝ ባሏን ከቀበረች ዓመት ቢሞላትም ኀዘኑ ከልቧ አልወጣም» ብሎ ቢጽፍ የሚከሰው የለም። የፊልም ጸሐፊ ይህንኑ ቢጽፍ ግን ካሜራ ይዞ የቆመው ሰው «ምኑን ላንሣ?» ይለዋል። «ዓመት ሞላት» አይታይም። «ከልቧ አልወጣም» አይታይም። ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነው። ይህ ሲነገረው ደግሞ ወደ ሌላ ስሕተት ይሸሻል። አልማዝን ጎረቤቷ ቤት ወስዶ፣ ቡና አስፈልቶ፣ «ይኸውልሽ እኅቴ፣ እሱ ከሞተ ዓመት ሞላኝ፤ ኀዘኑ ግን አልወጣልኝም» ያሰኛታል። ጎረቤቷ ይህን ሳታውቅ ቀርታ ነው? የለም፤ ተመልካቹ እንዲያውቅ ነው። በብዙ ፊልሞቻችን ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚውሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሪው ጠያቂ ጓደኞች ካሉት በሦስተኛው ሙከራ ይነቃል። የአልማዝ ባል ዓሣ አስጋሪ ነበር እንበል። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው፤ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል። እንግዲህ ጸሐፊው እንዲህ ብሎ ይምጣ፦ ማለዳ ነው። አልማዝ ማንም የማይቀዝፈውን ታንኳ እየጎተተች ፀሐይ ወዳለበት ታዞረዋለች። ጎረቤቷ ለታንኳው ዋጋ ይጠራል። እሷ እንዳልሰማች ሆና የላላውን የደንገል እስር ታጠብቃለች። ማታም ተመልሳ ከውሃው ታርቀዋለች። በዚህ ውስጥ ሞት፣ ዓመት፣ ኀዘን የሚል ቃል የለም። ካሜራው ግን ሁሉንም አየ!

ከመጀመሪያው ገጽ ወደ ሦስተኛው የሚያሻግር ስላይድ አልተሠራም። የሚያሻግረው ጽፎ ማንበብ፣ ጓደኛ «ይህን በየት በኩል ላየው?» ሲል መጨነቅ፣ ቀድዶ እንደገና መጻፍ ነው። ዋና የሚማር ሰው ጣና ዳር ተቀምጦ ስለ ዋና ሲነገረው ቢውል ማታ ልብሱ ደረቅ ሆኖ ቤቱ ይገባል። የእኛ ሠልጣኝም እንዲሁ ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ

ጽፎ፣ አንብቦ፣ ታርሞ መማር ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ ነው የሚል ቢኖር ጎጃም ውስጥ ጥቂት ይዙር። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ይጠይቅ። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ነገር ግን ግስ ስላጠና ባለቅኔ ነህ ተብሎ ወረቀት አይሰጠውም። ዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያም በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልተሳካ፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ካቃተው ጓደኞቹ እየሰሙ እዚያው ይታረማል። ነገም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው። በሦስት ቤቶቹ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ በኩል አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በየደረጃው ወድቆ እየተነሣ ነው። ወርክሾፕ ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

የእኛ የፊልም ሠልጣኝ ደግሞ አንድ ገጽ ትዕይንት ሳያሳርም የሁለት ሰዓት ፊልም ለመጻፍ ይነሣል። ጉባኤ ቃናው ሳይሞላለት መወድስ ካላልኩ የሚል ተማሪ በቅኔ ቤት ቢገኝ መሳቂያ ይሆን ነበር። እኛ ግን አጨብጭበን እንመርቀዋለን።

የቅኔ ቤት ትምህርት ለቴአትርና ለልብ ወለድ አይጠቅምም እንዳይባል ደግሞ ምስክሮች አሉ። ከዘመናዊው ቴአትራችን ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆኑት ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት የወጡ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ብዕር ሲያነሡ ለዓመታት በሰው ፊት ታርመው ነበር። ቅኔ ቤቱን እንዳለ ገልብጠን ካሜራ እንስጠው አልልም። ተማሪው በየቀኑ ሠርቶ እንዲቀርብና በጓደኞቹ ፊት እንዲታረም የሚያደርገውን ሥርዓቱን ግን እንውሰድ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ሥርዓቱ ደጃችን ሆኖ ሳለ እኛ ስላይድ ፍለጋ አዳራሽ እንከራያለን።

የጣና ዳርቻና የቬኒስ ሽልማት

ከአገራችን የፊልም ሰዎች ስሙ በዓለም የተሰማው ኃይሌ ገሪማ የተወለደው ከጣና በስተ ሰሜን፣ ጎንደር ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ መምህርና ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ ልጅየውም በአባቱ የተውኔት ቡድን ውስጥ እየተሳተፈ አደገ። የመጀመሪያው ወርክሾፑ ያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ሲገባ ምን ጠበቀው? «ፕሮጀክት አንድ» የሚባል ሥራ ነበር። አዲስ ተማሪ ገና በትምህርቱ መጀመሪያ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ዳይሬክት አድርጎ፣ ራሱ ቆርጦና ቀጥሎ አጭር ፊልም ማቅረብ አለበት። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ትምህርቱ! ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው «አወር ግላስ» የዚህ ውጤት ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙንም ገና ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም. ክረምት አገር ቤት መጥቶ በጥቂት ሳምንታት ቀረጸው።

ከዚያ «ጤዛ» መጣ። ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰው አንበርብር በጣና ዳር ባለች የትውልድ መንደሩ ተቀምጦ የትውልዱን ታሪክ የሚያስታውስበት ፊልም ነው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ ሁለተኛው ሽልማቱ ግን ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅመኛል፤ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የወርቅ ፈረሱን ወሰደ። እንግዲህ አስቡት። የጣናን ዳርቻ የያዘ የፊልም ጽሑፍ በዓለም አንጋፋ የፊልም በዓል ላይ በጽሑፍነቱ ተሸልሟል። ጣና ዳር በሚደረገው ሥልጠና ላይ ግን የምንማርበት ምሳሌ የሆሊውድ ፊልም ነው፤ ያውም ግማሹ ሠልጣኝ ያላየው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ጎረቤትም እንይ። ነጭ ዓባይ ከሚነሣበት ከቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ፣ ካምፓላ ላይ፣ ሚራ ናይር የተባለችው የፊልም ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2004 «ማይሻ» የተሰኘ የፊልም ማሠልጠኛ አቋቋመች። የምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶች የጻፉትን ስክሪፕት ይዘው እየመጡ ልምድ ካላቸው ጸሐፊዎች ጋር ገጽ በገጽ ተከራከሩበት። አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ሬድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1981 በዩታ ተራሮች የጀመረው የሰንዳንስ ሥልጠናም አካሄዱ ያው ነው፤ መግቢያው የተጻፈ ገጽ ነው። ለእኛ ወርክሾፕ ግን መግቢያው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው።

የሚቀርቡት ሰበቦች

«ካሜራ የለም» ይባላል። ሞስኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1919 የፊልም ትምህርት ቤት ሲከፈት አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበር፤ የፊልም ጥሬ ዕቃም አልነበረም። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው መምህር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ፊልም የሌለው ፊልም» አሠራቸው፤ ስክሪፕት ጻፉ፣ በትዕይንት በትዕይንት ከፋፈሉት፣ ካሜራ እንዳለ አድርገው ተጫወቱት። ከዚያ ወርክሾፕ እንደ ፑዶቭኪን ያሉ ታላላቅ ዳይሬክተሮች ወጡ። ዛሬ በባሕር ዳር በየወጣቱ ኪስ ያለው ስልክ ፊልም ይቀርጻል። ካሜራ የለም የሚለው ሰበብ ሞቷል፤ እንቅበረው።

«ንድፈ ሐሳብ ሳይታወቅ እንዴት ይጻፋል?» የሚሉም አሉ። ንድፈ ሐሳብ ይታወቅ እንጂ! የቅኔ ተማሪም ግስ ያጠናል ብያለሁ። ነገር ግን ሕጉ የሚገባው ሕጉን የሚፈልግ ገጽ በእጁ ለያዘ ሰው ነው። ትዕይንቱ ሰባት ገጽ ሄዶ አልቆም ላለው ጸሐፊ «ዘግይተህ ግባ፣ ቀድመህ ውጣ» ብትሉት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ምንም ላልጻፈው ብትሉት ግን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል፤ ደብተሩ ሲጠፋ ምክሩም ይጠፋል።

ሦስተኛው ሰበብ አይነገርም፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ይሉኝታ ነው። «የጓደኛዬን ጽሑፍ በሰው ፊት እንዴት አልሆነም እላለሁ?» እንላለን። «ደስ ይላል፣ በርቺ» ብለን እናልፋለን። ከኋላ ደግሞ እናማለን። በቅኔ ቤት የሚታረመው ተማሪ እንደተሰደበ አይቆጥረውም፤ ነገ የሚያርመው ሌላ እንዳለ ያውቃልና። ይህን ልማድ የሚያስይዝ ስብሰባ አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም የጻፈበትና ሁሉም የሚታረምበት። አንዱ ተናጋሪ ሠላሳው አድማጭ በሆነበት አዳራሽ ማንም አይታረምም፤ አሠልጣኙም ጭምር።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ሕንጻ አይደለም። አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አሥር ሳምንት ይበቃል። መግቢያው የተጻፈ አንድ ገጽ ይሁን። በየሳምንቱ እያንዳንዱ አንድ ትዕይንት ይዞ ይምጣ። ጽሑፉን ጸሐፊው ራሱ አያንብበው፤ ሌሎች እየተጫወቱ ያንብቡት፤ እሱ ዝም ብሎ ይስማ። ምልልሱ አፍ ውስጥ የሚሰነቀረው የት ላይ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ሦስት ጥያቄ ይቅረብ፦ ካሜራው ምን ያያል? ሰውየው ምን ይፈልጋል? የሚከለክለው ማን ነው? በሚቀጥለው ሳምንት የታረመው ይነበብ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አዳራሹን ትተው ወደ ሽምብጥ፣ ወደ ቤዛዊት፣ ወደ ሐይቁ ዳር ይውጡና ከትዕይንቶቹ አንዳንዱን በስልክ ይቅረጹ። ወረቀት ላይ ያማረው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ይዩ። ሰርተፊኬት የግድ ከተባለ ደግሞ ሠላሳ ገጽ ጽፎ ሁለት ጊዜ ላሳረመ ብቻ ይሰጥ።

ለዚህ የሚሆን በር በከተማዋ አልጠፋም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ። መድረክና ተዋንያን ያሉት ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ የሆነው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን አለ። ከእነዚህ አንዱ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ቢከፍት፣ ለአንድ ቀን አዳራሽ የሚከፈለው ገንዘብ የአሥሩን ሳምንት ወረቀትና ቡና ይችላል።

ይህን ያህል የምጮኸው ለወረቀት አይደለም። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ከታየ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ የፊልም ሰዎች ሲገናኙ ግን ዛሬም ምሬታቸው «ስክሪፕት የለም» ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ባሕል ጠፋ ብለን ጮኸን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያ ሁሉ ሰዓት ባዶ ሆኖ የተገኘው የሚሞላ ጽሑፍ ስላልነበረን ነው። ጣና ዳር ደግሞ ያልተጻፈው ብዙ ነው። ታንኳውን ሠርቶ ሐይቁን ሲያሻግር የኖረው፣ በጎረቤቱ ግን ሲናቅ የኖረው የነገደ ወይጦ ሰው አልተጻፈም። በሬ በማይጠመድባት ዘጌ በቡናና በጌሾ የሚኖረው ገበሬ አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየውን እምቦጭ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የዋለው ሰው አልተጻፈም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የደረሰው ግጭት በየቤቱ የተወው ቁስልም ጸሐፊ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚጽፉት ልጆች አሉ፤ በየቡና ቤቱ ሲያወሩት ሰምቻቸዋለሁ። እነሱ ካልጻፉት ሌላ ሰው ከሩቅ መጥቶ ይጽፈዋል፤ እኛም ያኔ «እንዲህ አይደለንም» እያልን ስንከራከር እንኖራለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «የፊልም ጽሑፍ ወርክሾፕ» የሚል ጥሪ የሚደርሳችሁ ወጣቶች፣ አበሉ ስንት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ገጽ እንደምትጽፉና ማን እንደሚያርማችሁ ጠይቁ። «መጻፉን ቤታችሁ ስትገቡ» ካሏችሁ አመስግናችሁ ቤታችሁ ግቡ፤ ሁለት ሦስት ጓደኛ ጥሩና ጀምሩ።